ዘይት ዘይት ነው

«እኔ የሰጠሁት ደህና መጋዝ፣ እሱ የመለሰልኝ ሬሳ!» አለ ሸድሊ በስልክ። የሚያወራው ከታላቅ ወንድሙ ከሞንጂ ጋር ነው፤ እንደ ልማዱ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ድምፁን ከፍ አድርጓል። «ሰንሰለቱ ንቅንቅ አይልም። ባትሪውን ስሰካበት ያቃስትና ቀጥ ይላል። መጨረሻ የነካው ማን ነው በለኝ? አማቼ ነዋ! ጅን መጥቶ አይነካው! አይ ሞንጂ፣ አንድ መጋዝ መያዝ ያቃተው ሰው ላይኛውን ፎቅ ይይዝልኛል? ዛሬ ለምሳ ይመጣሉ፤ ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ። ቁልፉን ልስጠው አልስጠው ከዚያ በኋላ አስባለሁ።»

ነዚሃ ወጥ ቤት የዓሣ ቅርፊት እየፋቀች ነበር። ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። ይህን ንግግር ስትሰማው የመጀመሪያዋ አይደለም። ሸድሊ መጋዙን ከጓዳ አውጥቶ አልሠራ ካለው ወዲህ ሳምንቱን ሙሉ ለፀጉር አስተካካዩም፣ ለመስጊድ ወዳጆቹም፣ ለዳቦ ሻጩም ሲተርከው ከርሟል። እሷም በሰማች ቁጥር ዝም ብላለች። መጋዙን እንዲያ ያደረገችው እሷው ራሷ ናት፤ ይህን ደግሞ ከእሷና ከፈጣሪዋ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ያኔ በፀደይ፣ የወይራው ቅርንጫፍ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ነው። አማቿ ላዝሃር፣ የልጇ ባል፣ መጋዙን ጠርጎና አጽድቶ፣ ሰንሰለቱን በሽፋኑ ከቶ ጓዳ አስቀመጠው። አንድ ቀን ነዚሃ አንሶላ ልታወጣ ብትገባ መደርደሪያው ላይ ዘይት ተንጠባጥቦ፣ ከሥር ያጣጠፈችው ነጭ የጠረጴዛ ልብስ በክቷል። እንዲህ ያለ መጋዝ ተኝቶም ቢሆን ዘይት ማንጠባጠቡ ያለ ነገር ነው፤ እሷ ግን አላወቀችም፤ የሆነ ነገር ገፍታ ያፈሰሰችው መሰላት። በመጋዙ ጎን ያለችው፣ የዘይቱን ልክ የምታሳየው መስኮት ባዶ ሆናለች። ሸድሊ «ማን ደፋው?» ብሎ ቤቱን ከማናወጡ በፊት ብላ ወጥ ቤት ገባችና፣ ከማሰሮው ግርጌ የቀረውን ያምናውን የወይራ ዘይት በጭልፋ ቀድታ እስከ አፉ ሞላችው። በዚህች የወይራ ከተማ፣ በስፋክስ፣ ማን ነው ለዚህ የሚፈርድባት? የሕፃን ጆሮ ሲያመው ዘይት፣ በር ሲንጫጫ ዘይት፣ ጉልበት ሲቆረጥም ዘይት ነው። ዘይት ዘይት ነው አለችና ክዳኑን አጥብቃ ወጣች። ከዚያ የሙቀቱ ወራት መጣ፤ ጓዳው እንደ ምድጃ ጋለ፤ ውስጥ ያለው ዘይትም ቀስ በቀስ ወደ ሙጫ ተለወጠ።

አንድ ነገር ግን ነበር፣ ለራሷም ቢሆን ልትናገረው የማትወደው። ነዚሃ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ናት። ለስፌት መኪናዋ የምታደርገውን ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ለብቻው ትገዛለች፤ ማንም የወይራ ዘይት ይዞ ወደዚያች መኪና ቢጠጋ እጁን በመቀስ ትለው ነበር። ታውቅ ነበር ማለት ነው። ግን መጋዙ የእሷ አልነበረም፣ የወንዶቹ ዕቃ ነበር፤ የሰው ዕቃ ሲሆን ደግሞ እጅ ይፈጥናል።

ሸድሊ ስልኩን ዘግቶ ወደ ወጥ ቤት ብቅ አለ። ወደቡ ላይ ሚዛን ሲጠብቅ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ዛሬም ያየውን ሁሉ ይመዝናል፣ በተለይ ሰውን። አዲሱ ዘይት ከመጭመቂያው የመጣው በዚያው ሳምንት ስለሆነ ከጣሳው ጠብ አድርጎ በመዳፉ ላይ ያዘ፤ በሌላው መዳፍ ሸፍኖ እስኪሞቅ ጠበቀና አሸተተ። ይህ የቤቱ ሥርዓት ነው። ሸድሊ ዓይኑን ታስሮም ቢሆን ዘይት አሽትቶ የማን ማሳ እንደሆነ፣ የትኛው ዓመት እንደሆነ፣ ወይራው በጊዜ ተለቅሞ ወይ መሬት ወድቆ ከርሞ እንደሆነ ይናገራል። ቤተሰቡ በሠርግና በበዓል ይፈትነዋል፤ ስቶ አያውቅም።

«ዘንድሮ ዘይታችን አንደኛ ነው» አለ። «ያ የጋፍሳ አማችሽ ግን ምኑን ያውቀዋል? እነሱ ከመሬት ፎስፌት ይቆፍራሉ እንጂ ዛፍ የት ያውቃሉ!»

«እዚያም ወይራ አለ ይላሉ» አለች ነዚሃ ዓሣውን እያየች።

«ይላሉ!» ብሎ ሳቀና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። የትኞቹ ዛፎች እንደሚቆረጡ ምልክት ሊያደርግ በጋቤስ መንገድ ወዳለው ማሳቸው ይሄዳል፤ ለምሳ ይመለሳል። የላይኛው ፎቅ ቁልፍ በሩ አጠገብ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ያንን ፎቅ በሸድሊ ጡረታና በነዚሃ መርፌ፣ ዛሬ ግድግዳ ነገ መስኮት እያሉ ለልጃቸው ለሶንደስ ሲሠሩት ዓመታት አልፈዋል። ሶንደስና ላዝሃር አሁን የሚኖሩት በኪራይ፣ ግድግዳዋ እርጥበት በሚያፈልቅ አንዲት ክፍል ነው። ላዝሃር ሆስፒታል ራጅ ያነሳል፤ ዝምተኛ ነው፤ ሲናገርም የደቡብ አነጋገሩ ላይ እንዳይስቁበት አሳጥሮ ነው። ነዚሃ ይህን ሁሉ ታውቃለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እዚሁ እቤቷ ውስጥ እየሆነ ነው፤ አይጧም እሷ ናት።

እጇን ታጠበችና መጋዙን በገበያ ቦርሳዋ ከታ፣ በላዩ ጎመን ጣል አድርጋ በአውቶቡስ ወደ ባብ ጅብሊ ገበያ ሄደች። እውነቱን ከምናገር ይልቅ ባሠራው ይሻላል ብላ ነው። ከሠራለት ሸድሊ ይረሳል፤ ከረሳ ማንም አይጎዳም። ለራሷ የነገረችው ይህንን ነው፤ መንገዱንም ሙሉ ደጋግማ ነገረችው።

የእርሻ ዕቃ የሚሸጠው ሰው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መጋዙን ከጎመኑ ሥር ሲያወጣ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ሐጃ! ባትሪው እንደተሰካ በአውቶቡስ መጣሽ?»

ነዚሃ መካ ሄዳ አታውቅም፤ ገበያ ላይ ግን ፀጉሯ የሸበተ ሴት ሁሉ ሐጃ ናት። «ምነው? አይሠራም እኮ» አለች።

«አይሠራም የተባለ ነው እጅ የሚቆርጠው! ቦርሳሽ ውስጥ ቃታው ተጭኖ ሰንሰለቱ ድንገት ቢሽከረከርስ? ጭንሽ ላይ አይደል የያዝሽው? ከእንግዲህ ከምንም ነገር በፊት ባትሪውን ነው የምታወጪው። ስታጸጂው፣ ስታጠብቂው፣ ስትሸከሚው፣ ባትሪው ሌላ ክፍል ይቀመጥ።» ባትሪውን አውጥቶ ባንኮኒው ጫፍ ላይ አራቀው። ከዚያ ሁለት ብሎን ፈታ፣ የጎኑን ክዳን አነሳ፣ ጣቱን ከተተ፣ አሸተተ፤ ወዲያው ሳቁ ፈነዳ። «ኧረ የሰላጣ ዘይት ነው! ማን ነው ይህን ያጠጣው? የስፌት መኪና ውስጥ የወይራ ዘይት ይጨመራል፣ ሐጃ?»

ሱቁ ውስጥ ሌሎች ሁለት ደንበኞች ነበሩ። ዞር ብለው አዩአት። ነዚሃ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ቃል ግን ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አይገባትም።

«አማቼ ነው» አለች።

«ከየት ነው?»

«ከጋፍሳ።»

«አሃ!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያች ቃል ላይ የተፈታ ይመስል። ነዚሃ ፊቷ ጋለ። ሳምንቱን ሙሉ ዝም ማለቷ አንድ ነገር ነበር፤ ዝምታን ሰው ለራሱ ብዙ ስም ያወጣለታል፤ ይሄኛው ግን በገዛ አፏ የተነገረ ነው። ልትመልሰው ፈለገች። ባለሱቁ ግን ማስረዳት ጀምሮ ነበር፤ እሷም በቃሉ ውስጥ ተደበቀች።

ሥራው ከባድ አልነበረም፤ ባለሱቁ ሠርቶ ሊሰጣት ፈልጎ ነበር፣ ወረፋው ግን እስከ ሰኞ ነው። ስለዚህ አጸዳዱን ነግሮ፣ ደጋግሞ አስብሏት፣ የሰንሰለት ዘይት በጠርሙስ ሸጠላት። ከአንድ ኪሎ ሥጋ አይተናነስም ዋጋው፤ ነዚሃ ሳትከራከር ከፈለች። ሳትከራከር የከፈለች ሴት በባብ ጅብሊ ብርቅ ስለሆነ ሰውየው አንድ አሮጌ ብሩሽ መረቀላት።

እቤት ስትመለስ ዓሣውን በቅመም አሽታ፣ የኩስኩሱን ውኃ ጥዳ ወደ ጣሪያው ወጣች። ባትሪውን ታች የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች። የሸድሊን ወፍራም የቆዳ ጓንት አጠለቀች፤ የማይዞር ሰንሰለትም ጥርሱ ሥጋ ይበላል ብሏታል ሰውየው። ክዳኑን አነሳች፣ ሰንሰለቱን ከሚዞርበት ረጅም የብረት ምላስ ላይ ፈታች። በደረቁ ጀምሪ ስለተባለች በእንጨት ስንጥር ሙጫውን ፋቀች፤ ቡኒ ነበር፣ ከወይራ እንጨት ዱቄት ጋር ተቦክቶ እንደ ተቃጠለ ካራሜላ ይሳባል። ከሸድሊ አሮጌ ካናቴራ በቀደደችው ጨርቅ እየጠረገች አወጣችው። የምላሱን ቦይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በስንጥሩ ሄደችበት። ዘይቱ የሚወጣባትን ጭል የምትል ቀዳዳ ስትከፍት ልቧ ደስ አለው፤ የስፌት መኪናም እንዲህ ያለች ቀዳዳ አላት። ያንን ጨርቅ አስቀመጠችና ሰንሰለቱን ብቻ በቆርቆሮ ጣሳ ላምባ ውስጥ ዘፈዘፈችው፣ አየር በሚነፍስበት፣ ከእሳት ርቃ። የመጋዙን አካል ግን ውኃም ላምባም አላስነካችውም፤ በብሩሽና በደረቅ ጨርቅ ብቻ አጸዳችው። የተረፈውን አሮጌ ዘይት ገለበጠች፤ አዲሱን ጨምራ አንዴ አለቀለቀችና ደፋችው፤ ከዚያ እንደገና ሞላች። ሰንሰለቱን አድርቃ መለሰች፤ ላይ ያሉት ጥርሶች ወደ ጫፍ እንዲያዩ፣ ሳይላላ፣ በጓንት ሲጎትቱትም እየሄደ። ባትሪውን መጨረሻ ላይ አመጣች። በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛ ጫፉን ወደ አሮጌ ካርቶን አዞረችና ቃታውን ሳበች። መጋዙ ጮኸ፣ ካርቶኑ ላይም ቀጭን የዘይት መስመር ተሳለ። ሳቀች። ብቻዋን ጣሪያ ላይ እንደ ልጅ ሳቀች። ወዲያው «ከጋፍሳ» ያለችው ትዝ አላትና ሳቋ ተቋረጠ። ባትሪውን ነቅላ መጋዙን ጓዳ መለሰች፤ ጨርቁንና ፍቅፋቂውንም በጥቁር ፌስታል ቋጥራ፣ ማንም ሳያያት መንገድ ዳር ያለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰበሰቡ። ሶንደስ ብርቱካን ይዛ መጣች፤ ላዝሃር የአማቱን ግንባር ስሞ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ኩስኩሱ በትልቁ ሳህን ቀረበ፣ ዓሣው ከነጭንቅላቱ በላዩ ጋደም ብሏል። ማንም ሳይቀምስ ሸድሊ ተነሳ። «መጀመሪያ ሟቹን ላሳያችሁ» አለና ጓዳ ገባ። መጋዙን ይዞ ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጧል። ወደ ግቢው ወጣ፤ ባትሪውን ሰካ፤ ሰንሰለቱ ዘፈነ። አጠፋው። እንደገና አስነሳው። ነዚሃ በልቧ «ተመስገን፣ አለቀ» አለች።

አላለቀም። ሸድሊ ባትሪውን ነቅሎ መጋዙን መሬት አስቀመጠና ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ። «እኔ ከረቡዕ ወዲህ አልነካሁትም። ሐሙስ ዕለት የጣሪያውን ዲሽ ላስተካክል ብለህ የወጣኸው፣ ላዝሃር፣ ዲሹን ነበር?»

«ዲሹን ነበር አባቴ።»

«ዲሹን! መጋዙ እንዲህ ተላልሶ የጸዳው ታዲያ ድመት ልሶት ነው? የሰረቀውን ደብቆ የመለሰ ሌባ፣ ሌባ መሆኑ ይቀራል? ማበላሸት ያለ ነው፣ የማንም እጅ ይሳሳታል። እኔ የሚያስጠላኝ መደበቁ ነው። አጥፍቶ፣ ሰው ሳያየው ጠራርጎ፣ እንዳልሰማ መቀመጥ! እንዲህ ያለ ሰው ከጣሪያዬ ሥር አልፈልግም።»

እያንዳንዱ ቃል ነዚሃን አገኛት፤ የተወረወረው ግን ወደ ሌላ ሰው ነው። ላዝሃር እጆቹን አየ፤ ቀጥሎ ሶንደስን አየ። ሶንደስ ከንፈሯን ነክሳ የጠረጴዛውን ልብስ ትቆነጥራለች፤ ያንን እድፉ ያልለቀቀውን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ። «እኔ...» አለ ላዝሃር። «ይሁን አባቴ። እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን ይብሉ፣ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ።»

«እኔ ነኝ» አለች ነዚሃ።

ድምፁ ከራሷ የወጣ አልመሰላትም። ሁሉም ዞሩ። «ዘይቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ከማሰሮው። ዛሬ ጠዋትም ያጸዳሁት እኔ ነኝ።»

ሸድሊ ሳቀ፤ የሚገርመው ደግሞ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አያችሁ እናት ማለት! ለልጇ ትዳር ስትል ወንጀል ትሸከማለች! አንቺ? ለስፌት መኪናሽ ዘይት በጠርሙስ የምትገዢዋ ሴት? መፍጫው ሲጮህ ጆሮሽን የምትይዢው? ተማር፣ ላዝሃር፣ ከዚህች ሴት ተማር!» ሶንደስ ተነስታ የእናቷን ራስ ሳመች። «አላህ ያቆይሽ እማዬ፤ ተይው፣ አትድከሚ» አለቻት በጆሮዋ። ነዚሃ «ባብ ጅብሊ ሄጃለሁ፣ ባለሱቁን ጠይቁት!» ልትል አፏን ከፈተች፤ ባለሱቁ ምን እንደሚላቸው አስታወሰችና ዘጋችው። ለእውነቷ አንድ ምስክር ነበራት፤ እሱንም በውሸት ገዝታዋለች። መጋዙም ምስክር ነበር፤ እሱን ደግሞ በገዛ እጇ አጥባዋለች። አሁን ላዝሃር ከጠዋቱ ይልቅ በደለኛ ሆኗል፤ እሷ ደግሞ ቅድስት ሆናለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ተነስታ በነጠላ ጫማዋ ወጣች። ገንዳው ጥግ ድረስ ሞልቷል፤ ድመቶቹ ሸሹ። እጅጌዋን ሰብስባ እስከ ትከሻዋ ገባችበት፤ የብርቱካን ልጣጭ፣ የሕፃን ጨርቅ፣ የራሷ የዓሣ አንጀት። ከሰገነት ላይ ዙህራ የምትባለው ጎረቤቷ አንገቷን አሰገገች።

«ነዚሃ! ምን ጣልሽ? ወርቅ ነው?»

«ኩነኔዬን ነው!» አለች ነዚሃ ቀና ሳትል። ዙህራ ሌሎቹን ልትጠራ ወደ ውስጥ ሮጠች። ጥቁሩ ፌስታል ከታች ነበር።

እቤት ገብታ ጨርቁን በሳህኖቹ መሃል፣ ከዳቦው አጠገብ ዘረጋችው። ሶንደስ አፍንጫዋን ያዘች። «አሽትተው» አለች ነዚሃ ባሏን። «ዓይንህን ጨፍንና አሽትተው።»

ሸድሊ ሊቆጣ ነበር፤ ግን ሰው አሽት ሲለው እምቢ ብሎ አያውቅም። ከጨርቁ ትንሽ ሙጫ በጥፍሩ አነሳ፣ መዳፉ ላይ አሸው፣ በሌላው መዳፍ ሸፈነው፣ እስኪሞቅ ጠበቀ። ወደ አፍንጫው አቀረበ። አንዴ ሳበ፣ ደገመው። መዋሸት ይችል ነበር፤ አፍንጫውን ግን ከሚስቱም ከአማቹም አብልጦ ያከብራል።

«የኛው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ያምናው። ዘግይተን የለቀምነው። የማሰሮ ግርጌ ነው።» ያ ማሰሮ ከወጥ ቤቷ ወጥቶ አያውቅም፤ ከነዚሃ እጅ በቀርም የሚቀዳበት የለም።

ሸድሊ መዳፉን በናፕኪን ጠረገ፣ ረጅም ጊዜ ጠረገው። ከዚያ ማንኪያ አንስቶ የዓሣውን ጭንቅላት፣ በዚያ ቤት ከእሱ በቀር ማንም የማይነካውን፣ ላዝሃር ሳህን ላይ አስቀመጠ። ተነሳ፣ ከምስማሩ ቁልፉን አወረደ፣ እሱንም ከሳህኑ ጎን አኖረው። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ አርባ ዓመት አብራው የኖረችው ነዚሃም ከዚህ በላይ እንደማይወጣ ታውቃለች። ላዝሃር ቁልፉን አልነካውም። ተነስቶ ወንበሯን ሳበላት። «ይቀመጡ እናቴ» አለ፤ ሊያያት ግን አልቻለም።

እሷ አልተቀመጠችም። እጇ እስከ ክርኗ ገንዳ ገንዳ ይሸታል። ሶንደስ ጨርቁን እያየች ቆየችና፣ ሳትቆጣ፣ በእውነት ማወቅ እንደፈለገ ሰው ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ አባባ ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ስሙን ሲያነሳ... እየሰማሽ ነበር?»

ነዚሃ «አዎ» ብላ ልታበቃው ትችል ነበር። ያ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ከዚያ ያለፈውን ማንም አልጠየቃትም፣ ማንም አያውቀውም።

«እየሰማሁ ነበር» አለች። «ዛሬ ጠዋት ደግሞ፣ ሰው ሲጠይቀኝ፣ እኔው ራሴ በአፌ እሱ ነው ብያለሁ።»